ለናትናኤል፦ የሰው ገንዘብ ይዘህ ስትቀመጥ

ሐዋሳ፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም.

ልጄ ናትናኤል፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እናትህና እህትህ ሰላም ይሉሃል።

አክስትህ ከዋሽንግተን ደውላልኝ ነበር። ላስ ቬጋስ ለሚካሄደው ትልቁ የፖከር (የካርታ ቁማር) ውድድር መግቢያ 10 ሺህ ዶላር እንደሚያስፈልግህ፣ ለዚህም ከመግቢያው ለሚያዋጡልህ ሰዎች ከምታሸንፈው ድርሻ እየሸጥክ እንደሆነ፣ እርሷም ለአሥር በመቶ 1,200 ዶላር ልትሰጥህ ቃል እንደገባች ነገረችኝ። «ልስጠው ወይስ ይቅር?» አለችኝ። የሁሉንም ስምምነት በጽሑፍ እስክታይ ድረስ እንዳትልክ ነግሬያታለሁ። ይህን ከእርሷ ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ቁማርን እንደማልወድ ታውቃለህ። በዚያ ላይ ብዙ ተነጋግረናል፤ ዛሬ አልመለስበትም። አንተ ራስህን የቻልክ ሰው ነህ፤ በገዛ ገንዘብህ ላይ አዛዡ አንተ ነህ። የአሁኑ ግን የሌላ ሰው ገንዘብ ነው፤ በዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም።

ክሪስ መኒሜከር የተባለው የሒሳብ ሠራተኛ በ2003 እ.ኤ.አ. ውድድሩን አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር እንዳገኘ፣ አባቱም አስቀድሞ ድርሻ ገዝቶት እንደነበር በስልክ አጫውተኸኛል። ደስ የሚል ታሪክ ነው። እኔ ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ የሆነውን አነበብኩ። ጄሚ ጎልድ የተባለው ሰው ከ8,773 ተወዳዳሪዎች አንደኛ ወጥቶ 12 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ። ክሪስፒን ሌይዘር የሚባል ሰው ደግሞ «ግማሹን ሊሰጠኝ ተስማምተናል» ብሎ ከሰሰው። ጎልድ ግማሹን ከታክስ በኋላ እንደሚሰጠው በስልክ የድምፅ መልእክት ትቶለት ነበር። ፍርድ ቤት 6 ሚሊዮኑን አገደ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማሙ። ልብ በል፣ ሁለቱም ቃል መኖሩን ያውቁ ነበር። ቃሉ ግን ገንዘቡ ትንሽ ሳለ ተነግሮ፣ ገንዘቡ ተራራ ሲሆን ተመዘነ። ታክሱን ማን ይከፍላል? መቼ ይከፈላል? እንዲህ ያለውን ነገር ካርታው ከመታደሉ በፊት መጻፍ አንድ ምሽት አይፈጅም። የአሜሪካ መንግሥት ራሱ አሸናፊው ገንዘቡን ከማን ጋር እንደሚካፈል የሚሞላበት 5754 የሚባል የታክስ ቅጽ አለው፤ እርሱንም ከአሁኑ ጠይቀህ እወቅ።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ተጫዋች የራሱን መቶ በመቶ ሸጦ ሲያበቃ መሸጡን ቢቀጥል ማን ያውቅበታል? እያንዳንዱ ገዢ የሚያውቀው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው። አምስት ጓደኞች ለየብቻቸው ሠላሳ ሠላሳ በመቶ ቢገዙ 15 ሺህ ዶላር ይሰበሰባል፤ መግቢያው 10 ሺህ ነው። ተጫዋቹ ከተሸነፈ አምስቱም «አይ ዕድል!» ብለው ይተዋሉ፤ አምስት ሺህ ዶላር ኪሱ ይቀራል። ካሸነፈ ግን ካገኘው በላይ ባለዕዳ ነው። እንግዲህ ያ ሰው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ መሸነፍን የሚመኝ ሰው ሆኗል፤ ገንዘባቸውን የሰጡት ወዳጆቹ ደግሞ እቤታቸው ሆነው እየጸለዩለት ነው። አንተ እንዲህ ታደርጋለህ ብዬ አይደለም። ነገር ግን መደረግ የሚችል ከሆነ፣ አለማድረግህን ማንም ሳይጠይቅህ ማሳየት ያንተ ፋንታ ነው። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ የሁሉንም ስም፣ የሁሉንም ድርሻ፣ ያንተንም ጨምረህ ጻፍና ለሁሉም ላክ። ድምሩ መቶ ይሁን።

ጀልባችንን ታስታውሳለህ። እኔ ጀልባና መረብ አቀርባለሁ፤ አጥማጁ ማታ መረቡን ጥሎ ንጋት ላይ ያወጣል፤ የተገኘውን እንካፈላለን። ሐይቁ ላይ የነበረው እርሱ ብቻ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ከመድረሱ በፊት አሥር ቆሮሶ ለሌላ ጀልባ ቢሸጥ በምን አውቃለሁ? ያ ሰው ግን ባዶ እጁን በተመለሰ ቀን እንኳ እቤት ድረስ መጥቶ መረቡን ይዘረጋልኝ ነበር። ሲቀደድም የተቀደደበትን ቦታ በጣቱ ያሳየኛል። አንድ ቀን ሐይቁ ላይ ሁለት አምባዛ ሸጦ ኖሮ፣ እኔ ምንም ሳልጠይቅ ብሩን አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልኝ። ጀልባዬን እስከሸጥኩበት ቀን ድረስ ሌላ ሰው አልፈለግኩም። አንተም ከውድድሩ በወደቅህበት ዕለት ማታ ለባለድርሻዎችህ ጻፍላቸው። ከድል በኋላማ ሁሉም ይደውላል።

ከጓደኞችህ ጋር ድርሻ የምትለዋወጡም ከሆነ እርሱንም አትደብቅ። የአንዱ ትርፍ የሌላው ትርፍ የሆነላቸው ሁለት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ ሊራሩ ይችላሉ፤ መራራታቸው ደግሞ ሌላውን ተጫዋች መስረቅ ነው። ገንዘብ ከሚሰጥህ ሰው ጋር ያለፈው ኪሳራ ወደሚቀጥለው ጨዋታ ተላልፎ ከትርፉ አስቀድሞ እንዲተካለት ከተስማማህም፣ ዕዳው ሲበዛ ትተኸው ወደ ሌላ ባለገንዘብ መሄድ አይገባም። ይህን አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ።

አሁን ወደ አክስትህ ልመለስ። የ10 ሺህ አሥር በመቶ አንድ ሺህ ነው፤ ሁለት መቶው የችሎታህ ዋጋ መሆኑን ገብቶኛል። ያለፈውን ውጤትህን አይቶ፣ አስልቶ ለሚገዛ ሰው ይህ ነውር የለውም። እርሷ ግን የምታውቀው የወንድሟ ልጅ ጎበዝ መሆኑን ብቻ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ወደ ውድድሩ ከገቡት 10,112 ሰዎች ገንዘብ ያገኙት ከመቶ አሥራ አምስት ያህሉ እንደሆኑ ነግረሃታል? ሌሎቹ፣ ከእነርሱም መካከል ስመ ጥር የሆኑት፣ ባዶ እጃቸውን ነው የሄዱት። ያ ገንዘብ ሌሊቱን ሙሉ ሽማግሌዎችን ስታገላብጥና ስታጥብ ያገኘችው ነው። «ይህ ገንዘብ ሳይመለስ የመቅረቱ ዕድል ይበልጣል» ብለህ በግልጽ ንገራት፤ ለቤት ኪራይ ያሰበችው ከሆነም አትቀበላት። ከዚያ በኋላ በገዛ ፈቃዷ ከሰጠችህ አንድ ሺህ ብቻ ውሰድ፤ ሁለት መቶውን ተውላት። እኔ እንደ አባት የምለምንህ ይህችን ነው።

እስከ ሰኔ ጊዜ አለህ። ወረቀቱን ስታዘጋጅ ለእኔም አንድ ቅጂ ላክልኝ፤ ድምሩን እኔም አየዋለሁ። አክስትህ ሐሳቧን ብትለውጥ አትቀየማት፤ ለፋሲካ እንደወትሮህ ደውልላት።

አባትህ