ለጎመን ትል መርዝ ብቻ አትዘዙ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው የጓሮ አትክልት አምዳችሁ ላይ ጎመኗን ትል ለጨረሰባት አንባቢ የሰጣችሁትን መልስ አነበብኩት። «ፀረ ተባይ ገዝተሽ እርጪ» ይላል፣ አለቀ። የቱን? በስንት ውሃ? ከተረጨ በኋላስ ስንት ቀን ሳይበላ ይቆይ? ምንም የለም። የጓሮ ጎመን እኮ ጠዋት ተቀንጥሶ ለምሳ የሚደርስ ነገር ነው!

እኛ ሰፈር መድኃኒቱ የሚሸጠው በባዶ ሃይላንድ እየተቀዳ ነው። ስም የለው፣ የሚያበቃበት ቀን የለው። ሻጩን ብትጠይቁት «ሁሉንም ይገድላል» ነው የሚላችሁ። ልጆች ባሉበት ቤት ይሄ በጣም ያስፈራኛል።

ደግሞስ ይሠራል ወይ? ጎመንና ጥቅል ጎመን ላይ ከሁሉ የምታስቸግረው ትንሿ አረንጓዴ ትል ናት፤ አድጋ አድጋ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ብትደርስ ነው። ቅጠሉን ገልብጣችሁ በጣት ነካ ስታደርጓት ወደ ኋላ ትወራጭና በቀጭን ክር ተንጠልጥላ ትወርዳለች። ይቺ ትል እ.ኤ.አ. በ1953 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ጃቫ ደሴት ላይ ዲዲቲ የተባለውን ፀረ ተባይ ለምዳ እንደማይገድላት ተመዝግቧል፤ ከዚያ ወዲህም ያልለመደችው መድኃኒት ጥቂት ነው። ያንኑ መርዝ በየሳምንቱ ስንደጋግምባት ደካሞቹ ይሞታሉ፣ የለመዱት ይተርፉና ይራባሉ፣ በዚያ ላይ ትሏ ውስጥ እንቁላል እየጣሉ የሚገድሉልንን ደቃቅ ተርቦች አብረን እንፈጃለን።

የጓሮ መደብ ስንት እግር ጎመን ይይዛል? በእጅ ይለቀም። ጠዋት ጠዋት የቅጠሉን ጀርባ እያዩ ትሉንም፣ ነጭ ድር ለብሶ የተኛውንም መጨፍለቅ ነው። ክፉኛ የተበላው ቅጠል ተቆርጦ ከጓሮ ይውጣ። ውሃ ስታጠጡ አመሻሽ ላይ ከላይ አርከፍክፉበት፤ የትሏ እናት የሆነችው የእሳት እራት እንቁላል የምትጥለው ሲመሽ ስለሆነ ይረብሻታል። ክረምት ላይ ትሉ ቀለል የሚለውም ከባዱ ዝናብ ትንንሾቹን እያጠበ ስለሚጥላቸው ነው፣ ስለዚህ ጠንቀቅ ማለት በበጋ ነው። ችግኙን እንደተከሉ በስስ መጋረጃ መሸፈንም ይረዳል፣ ብቻ ጠርዙ አፈር ይልበስ።

ይሄ ካልበቃ ኒም የሚባለው ዛፍ አለ። ድሬዳዋ ወይ አፋር ዘመድ ያለው ዘሩን ያስልክ። 50 ግራም የደረቀ ዘር ወቅጦ በአንድ ሊትር ውሃ ማሳደር፣ ማጥለል፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጎ ወደ ማታ የቅጠሉን ጀርባ መርጨት። ቢቲ የሚባለውን ከባክቴሪያ የሚሠራ መድኃኒት ያገኘ ደግሞ እሱን ይጠቀም፤ ትሏ በልታው ነው የምትሞተው፣ ተርቦቹን አይነካም። ፀሐይ ቶሎ ስለሚያበላሸው እሱም ማታ ይረጭ።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም መልሱን አስተካክሉት። መድኃኒት ማዘዝ ግድ ከሆነባችሁም ስሙን፣ መጠኑን፣ ከተረጨ በኋላ ጎመኑ የማይቀነጠስበትን ቀን አብራችሁ ጻፉ። ጠያቂዋ እስካሁን ረጭታ ሊሆን ይችላል፣ ቶሎ ድረሱላት።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ