እማዬ፣ ግቢሽን በሙሉ ሊሾ እንዳታስደርጊው

እማዬ እንዴት ነሽልኝ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ እጅሽስ ጄሶው ከተፈታ በኋላ በደንብ ይታጠፋል? ስልክ ላይ ስጠይቅሽ «ደህና ነኝ ተመስገን» ብለሽ ወደ ሌላ ወሬ ታሻግሪኛለሽ፣ እውነቱን ደግሞ ከጎረቤት ነው የምሰማው፣ ስለዚህ ዛሬ ስልኩን ትቼ ልጽፍልሽ ነው። የግቢሽን የሊሾ ነገር መጨረሻው ላይ እመጣበታለሁ። በቴሌግራም ስለምልከው የወንድሜ ልጅ ታንብብልሽ። (አንቺ አንባቢዋ ደግሞ እንዳትዘይ፣ በተለይ ጎመኑ ጋ ስትደርሺ ጮክ በይ።)

ለመስቀል ስደውል ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? «መጣሽ የመስቀል ወፍ፣ በዓመት አንዴ» አልሽኝ። በሰዓቱ ስቄ አለፍኩት ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሆዴ ገብቶ ቀረ። እዚህ ጓሮ ስነቅል ስለቅም ያንኑ ነው ሳብላላ የሰነበትኩት፣ አሁን መልስ አግኝቼለታለሁ፣ ግን ቆይ መጀመሪያ የጓሮውን ወሬ ልጨርስልሽ፣ በቪዲዮ ላሳይሽ ስል ሁሌ መሃል ላይ ኔትወርኩ እየተቆረጠ ምኑንም ሳልነግርሽ ነው በጋው ያለቀው። እዚህ በጋ የሚሉት ያው የኛን ክረምት ወራት ነው፣ ሁሉ ነገር የተገለበጠ አገር።

ቤቱን ስንገዛ ጓሮው ሳር ብቻ ነበር፣ ከሳሩ ስር ደግሞ ቀይ ሸክላ፣ ዝናብ ሲመታው ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፣ ፀሐይ ሲመታው ጡብ ነው። አካፋ አልገባ አለኝ ስልሽ «ፍግ አልብሺው» አልሽኝ። ከየት ላምጣ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ላም የለም። ስለዚህ ሱቅ ሄጄ ገዛሁ። አዎ እማዬ የከብት እበት በዶላር ገዛሁ፣ በፕላስቲክ ከረጢት የታሸገ፣ አንዱ 40 ፓውንድ ማለት 18 ኪሎ ገደማ፣ ስድስት ከረጢት። ያንን ቀን የሳቅሽው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «እኔ ኩበት ጠፍጥፌ ባሳደግሁሽ አንቺ እበት ትገዢልኛለሽ?» ያልሽውን ባሌ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያወራል።

ቃሪያና ቲማቲሙን የካቲት መጨረሻ ላይ ቤት ውስጥ መስኮት ስር በእርጎ ኩባያ ነበር ያፈላሁት፣ ቆንጆ ሆኖ ወጣ። መጋቢት ሊያልቅ ሲል አንድ ሳምንት ሞቅ አለና አላስችል ብሎኝ አውጥቼ ተከልኩት። እዚህ አትክልት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ቲማቲም ከእናቶች ቀን በፊት አይተከልም ይላል፣ የእናቶች ቀን በነሱ ሜይ ወር ሁለተኛው እሁድ ነው፣ በኛ ግንቦት መጀመሪያ ገደማ ይውላል። እኔ መች ሰማሁ። ሚያዝያ ሲገባ አንድ ሌሊት ውርጭ መታው፣ ማታ ሺፍት አድሬ ጠዋት ስመለስ አስራ አራቱም ችግኝ እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ መሬት ላይ ተኝቷል። አንቺ ብትኖሪ ሰማዩን ቀና ብለሽ አይተሽ ታውቂ ነበር። ጥቅምት ላይ «ሰማዩ ጠርቷል፣ ዛሬ ውርጭ አለ» ብለሽ ማታ ማታ ችግኙን በጆንያ ስታለብሺ እኛ እንስቅ አልነበር? ሁለተኛውን ዙር ከእናቶች ቀን በኋላ ተከልኩ፣ እሱ ያዘ፣ ቃሪያው እንደውም ለጎረቤት ተርፏል።

እሺ ጎመኑ ጋ ደረስን። ሁለት ዓመት ሆነው መሰለኝ፣ በነጠላ ጫፍ ቋጥረሽ በዘመድ እጅ የላክሽልኝ የጎመን ዘር እኔ ጋ አልደረሰም። አየር ማረፊያ ላይ ዘር ያለ ወረቀት አይገባም ብለው ወሰዱት፣ ሕግ ነው፣ አልፈርድባቸውም። አንቺ ግን በየሳምንቱ «በቀለ ወይ? በቀለ ወይ?» ስትይኝ ምን ልበልሽ፣ «በቅሏል» አልኩሽ። ያ በቪዲዮ ያሳየሁሽ ጎመን እዚህ ከሐበሻ ሱቅ በገዛሁት ዘር የበቀለ ነው። አንቺ ደግሞ ቅጠሉን አይተሽ «የኔው ነው፣ አገዳው ያስታውቃል» አልሽና ጨረስሽኝ፣ ከዛ በኋላ እንዴት ልናገር። ይኸው ወጣልኝ። ደግሞም ጎመኑ ከኔ ይልቅ የተመቸው ለሌላ ነው፣ አንዲት ነጭ ቢራቢሮ እየመጣች እንቁላሏን ትጥልበታለች፣ ከዛ አረንጓዴ ትል ይወጣና ቅጠሉን ወንፊት ያደርገዋል። አመድ ነስንሺበት ያልሽኝን ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ነሰነስኩበት፣ ዝናብ እስኪያጥበው ይሠራል፣ ሲያጥበው እንደገና። የቀረውን በእጄ ለቀምኩት።

ጤናዳሙ በትልቅ ማሰሮ ነው ያለው፣ የዚህን አገር ብርድ ውጪ አያድርም። ሐምሌ ላይ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ ስከረክመው ውዬ በማግስቱ ክንዴ የፈላ ውሃ እንደነካው ውሃ ቋጠረ። ለካ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። አንቺ ሁሌ አመሻሽ ላይ የምትቀጥፊው ይሄን አውቀሽ ነው ወይስ የቡናው ሰዓት ስለሆነ ብቻ? ነሐሴ ላይ ደግሞ ትል ወጣበት፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ጥቁር ቀለበት ያለው፣ ቀለበቱ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ፣ በጣቴ ስነካው ከአናቱ ብርቱካናማ ቀንድ አወጣና የሚከረፋ ሽታ ለቀቀብኝ። ልጨፈልቀው ስል ልጄ ስልኳ ላይ አይታ «ተይው ጥቁር ትልቅ ቢራቢሮ ነው የሚሆነው» ብላ አለቀሰች ማለት ይቻላል። ተውኩት፣ ከነወንድሞቹ ግማሹን ጤናዳም ሙልጭ አደረገው።

ወፎቹ ላይ ግን ተመቻችተሽ ተቀመጪ። አንቺ በልጅነትሽ ቆላ ወርደሽ ማማ ላይ ቆመሽ በወንጭፍ ማሽላ ስትጠብቂ ያደግሽ ሰው ነሽ፣ ልጅሽ ደግሞ ለወፍ እህል በከረጢት ትገዛለች። ምን እንደምትይ አውቃለሁ፣ ብለሽኛልም።

ሮቢን የሚሏት አለች፣ ደረቷ ብርቱካናማ፣ እኔ ስቆፍር ከኋላ ከኋላዬ እየዘለለች ትል ትለቅማለች፣ እርሻ ላይ በሬ እንደሚከተሉት ነጫጭ ወፎች። ሚያዝያ ላይ የፊት በራችን መብራት ላይ ጎጆ ሠራች፣ በሳርና በጭቃ፣ ጭቃውን ውስጡ ቁጭ ብላ በደረቷ እየዞረች ነው የምትለቀልቀው፣ ምርጊት ስትመርጊ ያየችሽ ነው የሚመስለው። አራት እንቁላል ጣለች፣ ሰማያዊ፣ የጥር ሰማይ። ሁለት ሳምንት ታቀፈች፣ ሁለት ሳምንት አበላች፣ ያን ሁሉ ጊዜ በፊት በር አልወጣንም፣ ባሌ በቤዝመንት ዞሮ ሲገባ «የዚህ ቤት ሞርጌጅ በማን ስም ነው?» ይል ነበር። ሦስቱ በረሩ፣ አንዱ ሳይፈለፈል ቀረ።

ካርዲናሎቹን አይተሻቸዋል። ወንዱ ከጉትዬው እስከ ጭራው ቀይ፣ ሴቷ ቡናማ። ፍሬውን ይፈለፍልና አፏ ውስጥ ያደርግላታል። ያን ቀን በቪዲዮ ሳሳይሽ «ውይ ጉርሻ'ኮ ነው!» ብለሽ ጮህሽ፣ ቀጥለሽ «አባትሽ እንኳን...» አልሽና ዝም አልሽ። እንኳን ምን? እስካሁን አልጨረስሽልኝም።

ሃሚንግበርድ የምትባለዋ ደግሞ ክብደቷ 3 ግራም አካባቢ ነው፣ አሸንዳ አበባ ላይ ከምትመጣው ከኛይቱ የምታብለጨልጭ ወፍ ታንሳለች፣ የኛዋ አበባው ላይ ቆማ ነው የምትጠጣው፣ ይቺ አየር ላይ ባለችበት ቀጥ ብላ። አንድ እጅ ስኳር በአራት እጅ ውሃ በጥብጬ ነው የምሰቅልላት። ብርዝ ስጫት ያልሽኝን ጠይቄ ነበር፣ ማር ቶሎ ሻግቶ ያሳምማታል አሉኝ እንጂ ብርዝ በወደድኩ። መስከረም ላይ ሄደች፣ ሜክሲኮና ከዛም በታች ድረስ ነው የምትወርደው፣ በዛ 3 ግራሟ ባሕር ታቋርጣለች። እኔ ሁለት ሻንጣ ይዤ ስመጣ ምን ያህል እንዳለቀስኩ ታውቂያለሽ።

አሁን መልሴን ልስጥሽ። ለጾም ፍትፍት ይሆነኛል ብዬ አጥሩ ጥግ ሱፍ ዘርቼ ነበር፣ አናቱ ሰፌድ ሲያክል ደስ ብሎኝ ሊደርቅ ስጠብቅ ጎልድፊንች የሚባሉ ትንንሽ ወፎች ተገልብጠው እየተንጠለጠሉ አንድ ፍሬ ሳያስቀሩ ጨረሱት። ወንዱ አደይ የመሰለ ቢጫ ነው፣ ክንፉና ግንባሩ ጥቁር። ታዲያ ብርድ ሲመጣ ይጠፋል። መጀመሪያ ዓመት ሞቃት አገር ሄዶ ነው ብዬ ነበር። ለካ አልሄደም፣ ቢጫውን ላባ ጥሎ አመድማ ለብሶ ድንቢጥ መስሎ እዛው እህሉ ላይ ነው፣ እኔ ነኝ የማላውቀው። የኛ የመስቀል ወፍም ያው ነች እማዬ። በዓመት አንዴ ከሆነ ቦታ አትመጣም። ወንዱ ክረምት ላይ ቀዩንና ጥቁሩን ይለብሳል፣ ወቅቱ ሲያልፍ አውልቆ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆንና እዛው ሳር ውስጥ ነው የሚከርመው፣ ሰው ግን ተራ ወፍ ነው ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ የመስቀል ወፍ ነሽ ካልሽኝ ነኝ። ሌላውንም ወር ሁሉ አለሁ፣ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ሶፋ ላይ ተኝቼ፣ ስነቃ አንቺ ጋ ሌሊት ሆኖ፣ ስትነቂ እኔ ሥራ ገብቼ። አለመደወሌን አልካድኩም።

መስከረም 2 ደግሞ ምን ሆነ መሰለሽ፣ ከሥራ ስመለስ መንገድ ዳር ውሃ የሚወርድበት ቦይ ውስጥ ቢጫ በቢጫ። መኪናዬን ዳር አስይዤ ወረድኩ። አደይ ነው ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። አይደለችም፣ ግን ዘመዷ ናት፣ በሳይንሱ ሁለቱም ቢደንስ የሚባል ወገን ናቸው፣ ጨጎጎትም ከነሱው ነው። ሰሞኑን ተመልሼ ሄጄ ሱሪዬ ሙሉ ዘሯ ተጣብቆብኝ መጣ፣ አንድ በአንድ እየነቀልኩ አጥሩ ስር ጣልኩት። ለከርሞ እናያለን።

እዚህ ቦይ ዳር ቆሜ ነው የኛ ግቢ ትዝ ያለኝ። ነሐሴ ላይ ጭቃው አንሸራቶሽ ስትወድቂ ወንድሜ ግቢውን በሙሉ ሊሾ አስደርገዋለሁ አለ፣ እኔም ሳላስብ እሺ ብዬ ለሲሚንቶው ብር ላኩ። እሱ አልተሳሳተም፣ የማርቆስ ክረምት ጭቃ ከሰባ ዓመት ጉልበት ጋር አይሄድም። አንቺም «እናንተ እንዳላችሁ» አልሽ። እማዬ አንቺ «እናንተ እንዳላችሁ» የምትይው ሳትፈልጊ ስትቀሪ ነው፣ እኔ ግን እያወቅሁ እንዳልሰማ ሆንኩ፣ ደክሞኝ ነበር፣ ጭቅጭቁ እንዲያልቅልኝ ነው።

ትናንት ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ትንሽ ተጯጯህን፣ ተስማማን። ከቤቱ እስከ ውጪው በር፣ ወደ ቧንቧውና ወደ ሽንት ቤቱ የሚወስደው ሊሾ ይሆናል፣ ግን ሻካራ ይሁን፣ የለሰለሰ ሊሾ ውሃ ሲነካው ከጭቃው ይብሳል። ጤናዳሙና ኮሰረቱ ያሉበት የአጥሩ ጥግ አይነካም። እዛ ብሎኬት ሦስት ድርድር ይሠራልሻል፣ የአንዱ ከፍታ 20 ሳንቲም ስለሆነ 60 ሳንቲም ይመጣል፣ ዱካሽን አጠገቡ አድርገሽ ቁጭ ብለሽ እጅሽ ይደርሳል፣ ማጎንበስ የለም። ውስጡ ደግሞ የተገዛ አፈር አይገባም። ሊሾ ከሚሆነው ቦታ የሚነሳውን የላይኛውን አፈር ነው እዛ የሚሞሉት፣ ይሄን ሠራተኞቹ ሲመጡ ራስሽ ቆመሽ ተቆጣጠሪያቸው፣ በጋሪ ጭነው እንዳይደፉት። አደይ ዘሯን ጥላ ነው የምትሞተው፣ አፈሩ ከሄደ ለከርሞ እንቁጣጣሽ ከግቢሽ የሚቀጠፍ የለም። ኅዳር እስኪገባም እንዳይጀምሩ ብዬዋለሁ፣ እስከዛ አራግፋ ትጨርሳለች።

ብሎኬቱ ከበዛ ወይ ካነሰ ንገሪኝ፣ «እናንተ እንዳላችሁ» አልቀበልም።

ጤናዳሙን አሁን ማታ ወደ ቤት አስገባሁት፣ ሳሎን መስኮቱ ስር ነው፣ ቤቱ ሁሉ ቡና ቡና ይላል። ቃሪያውንም አረንጓዴውን እንዳለ ለቀምኩት። ሰማዩ ጠርቷል።

እሁድ ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውላለሁ። እስከዛ አባቴ እንኳን ምን እንደሆነ አስቢበት፣ ይዘሽብኝ እንዳትሄጂ።

ልጅሽ