ውክልና ከመፈረማችሁ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው፣ የምጽፈው ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው ግን ስንት ቤት ያለ ጉዳይ ስለሆነ ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል።

ወንድሜ ባጃጅ ይሰራ ነበር፣ ከከዚራ ሲመለስ አይሱዙ ገጭቶት ቀኝ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ኦፕራሲዮን በሆነ በሦስተኛው ቀን አንድ ሰውዬ ብርቱካን በፌስታል ይዞ አልጋው ጋር መጣ፣ ጠያቂ መስሎን ወንበር ሰጠነው፣ ለካ ለጠበቃ ሰው የሚያመጣ ደላላ ነው። "ካሳውን እኛ እንጨርሳለን፣ እናንተ አምስት ሳንቲም አታወጡም" አለን። እናቴ በዛ ሰአት እረዳችኋለሁ ያላትን ሁሉ ጉልበቱን ትስም ነበር። ገና ከሆስፒታል እንደወጣ በክራንች ወስደው ውክልና አስፈረሙት፣ ወረቀቱ ላይ መክሰስ ብቻ ሳይሆን መታረቅም ገንዘብ መቀበልም አለበት፣ ማን አንብቦት።

ከዛ በደወልን ቁጥር "ቀጠሮ ላይ ነው"። አመት ከስምንት ወር እንዲህ ሄደ፣ በመጨረሻ እኔው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር (መዝገብ ቤት) ሄጄ መዝገብ ቁጥሩን ብጠይቅ በወንድሜ ስም የተከፈተ ፋይል የለም! እዛው በረንዳ ላይ ቁጭ አልኩ፣ እግሬ አልሸከም አለኝ።

የጉዳት ካሳ የሚጠየቀው በ2 አመት ውስጥ ነው፣ ፍትሐ ብሔር ህጉ ቁጥር 2143 ላይ አለ። ነገሩ ወንጀል ካለበት ሊረዝም ይችላል ግን እባካችሁ በሱ ተማምናችሁ አትቀመጡ።

ውክልናውን ሽረን ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉ ራፖር ጸሐፊ አባት ወደ ጠቆሙን ሴት ጠበቃ ሄድን። ገና ሳንቀመጥ "አደጋው የደረሰው ስንት ቀን ነው?" አለች፣ ቀኑን ስንነግራት ካላንደሩን ከግድግዳ አውርዳ የቀረውን ቆጠረችልን። የትራፊክ ፕላኑን፣ የሐኪም ማስረጃውን፣ የመኪናውን ኢንሹራንስ ጠየቀች። እኛ ሹፌሩ ደሃ ነው ብለን ተስፋ ቆርጠን ነበር፣ የመኪናው ባለቤትም ይጠየቃል አለችን (ቁጥር 2081 ነው)። ይህን ያህል አስገኝላችኋለሁ አላለችም፣ ክፍያዋን ስንት ፐርሰንት እንደሆነ፣ ዳኝነቱን (ለፍርድ ቤቱ የሚከፈለውን) ማን እንደሚከፍል በውል ጻፈችው፣ ከውክልናው ላይ ደግሞ "ገንዘብ መቀበል" የሚለውን ራሷ በእስክሪብቶ ሰርዛ "ይሄን ራስህ ትቀበላለህ" አለችው። ጠበቃ እንዲህ ነው የሚፈለገው።

ስትመርጡ ፈቃዱ የታደሰ መሆኑንና እናንተ ጉዳይ ያላችሁበት ፍርድ ቤት መቆም የሚያስችለው መሆኑን እዩ፣ ለምሳሌ ሐረር የክልል ፍርድ ቤት ስላለ የሚጠየቀው ፈቃድ ከዚህ ከድሬዳዋ ሊለይ ይችላል። ብር የሌለው ደግሞ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የህግ ኮሌጅ ነፃ የህግ ድጋፍ አለ፣ ዳኝነት መክፈል ያቃተውም በድህነት ልክሰስ ብሎ ማመልከት ይችላል።

የኛ መዝገብ ይርጋው (የመክሰሻው 2 አመት) ሳይሞላ ተከፍቷል። የሆስፒታል ሃላፊዎችን ግን እለምናለሁ፣ ብርቱካን ይዞ የሚገባውን ሰው ማንን ልትጠይቅ መጣህ በሉት፣ የበሽተኛውን ስም እንኳን አያውቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሳቢያን ነዋሪ፣ ድሬዳዋ