ቁቤ የሚገለብጡ፣ አፋን ኦሮሞ የማይናገሩ ልጆች፤ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

በአደባባይ የምንጽፍልዎ ሌላው በር ስለተዘጋብን ነው። ከልጆቻችን ስለተነጠቁት የአፋን ኦሮሞ ክፍለ ጊዜዎች ያስገባነው ማመልከቻ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ግልባጩም በእጃችን ነው። ከዚያ ወዲህ የሰማነው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ለሚመለከተው ተመርቷል»፣ «በሂደት ላይ ነው» የሚል ብቻ ነው። መልሱ በጽሑፍ ይሰጠን ስንል «በጽሑፍ አያስፈልግም» ተባልን። የትምህርት ቤቱን ስም የማንጠቅሰው ርዕሰ መምህሩ በእኛ ደብዳቤ እንዳይጠየቁ ነው። እርስዎ የትኛው እንደሆነ ያውቁታል።

ትምህርት ቤቱ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጎን ለጎን ያስተምራል። በአማርኛው በኩል የተመዘገቡት ልጆች ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ጉራጊኛ፣ ዳውሮኛ፣ የምሳ (የየም ሕዝብ ቋንቋ) ወይም ካፊኖኖ (የካፋ ሕዝብ ቋንቋ) የሚሰሙ ናቸው። ሁሉም ጅማ ተወልደው ጅማ የሚያድጉ ናቸው፤ አፋን ኦሮሞ ለእነሱ የገበያ፣ የጎረቤት፣ የለቅሶና የሠርግ ቋንቋ ነው፤ ነገ ደግሞ የሥራ ቋንቋቸው ነው። ለእነዚህ ልጆች ከተመደበው የአፋን ኦሮሞ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሁለቱ ለንግግርና ለአካባቢው ባህል የተያዙ ነበሩ። እነዚያ ሁለቱ ተነጥቀው ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ተሰጡ። ክፍለ ጊዜውን ያግዙ የነበሩት አንዲት እናትና አንድ በርጩማ ጠራቢ አዛውንት ደግሞ «የማስተማር ማስረጃ የላቸውም» ተብለው ታገዱ።

የታገዱበት መንገድ ነው እስከ ዛሬ ያላስተኛን። ሱፐርቫይዘሩ ትምህርቱ መሀል ገብተው፣ ልጆቹ እያዩ፣ እናቲቱን ከተቀመጡበት አስነስተው አስወጧቸው። ልጆቹ «አኮ» (አያቴ) ብለው የሚጠሯቸው፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው ሲወጡ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከፊት ዴስክ የነበረች ልጅ አለቀሰች። ለታላቅ መነሳትን፣ ለታላቅ ቦታ መልቀቅን እናስተምራለን በምንልበት ክፍል፣ ያውም በባህል ክፍለ ጊዜ፣ ታላቅ ሰው በልጅ ፊት ተዋረዱ። እስከዚህች ሰዓት ድረስ ማንም ቤታቸው ሄዶ ይቅርታ አልጠየቃቸውም።

እኚህ እናት ያስተምሩ የነበረው ሂቦ፣ የአፋን ኦሮሞ እንቆቅልሽ፣ ነው። ሱፐርቫይዘሩ «ጨዋታ» ብለው በሪፖርታቸው ያሰፈሩት እሱኑ ስለሆነ አካሄዱን እንንገርዎ። ጠያቂው «ሂቦ» ሲል ክፍሉ ባንድ ድምፅ «ሂብ» ይላል። ጥያቄው ይቀርባል፤ ልጆቹ በየተራ ይሞክራሉ። መልሱ ከጠፋ ጠያቂው «ቢያ ናፍ ኬኒ» ይላል፤ አገር ስጠኝ ማለት ነው። አገር ይሰጠዋል፤ ካልጣመው ሌላ ያስጨምራል፤ በመጨረሻ መልሱን ይናገራል። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እያለ ያደገ ልጅ ደንቡን ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። አዲስ የሚሆንበት ቋንቋው ብቻ ስለሆነ ፍርሃቱ በመጀመሪያው ቀን ይለቀዋል። በአንድ 40 ደቂቃ ውስጥ መጠየቅን፣ ማዘዝን፣ «አይደለም» ማለትን፣ ነገርን በመልኩና በሥራው መግለጽን ደጋግሞ ይሰማል፤ ደጋግሞም ይናገራል። መጽሐፉ ላይ ያለው ያው ሰዋስው በሠንጠረዥ ተሰድሮ ነው፤ ልጁ ሠንጠረዡን ደብተሩ ላይ ይገለብጠዋል፤ ከአፉ ግን አንዲት ቃል አትወጣም።

አሁን ስለ ፊደሉ። ቁቤ፣ በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተው፣ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የአፋን ኦሮሞ መጻፊያ ነው፤ ለቋንቋው ድምፅ ተመጥኖ የተበጀ ነው። አፋን ኦሮሞ 5 አጭርና 5 ረጅም አናባቢ አለው፤ ርዝመቱ ትርጉም ይለውጣል። በእኛ ፊደል «ጋራ» ብለን የምንጽፈው አንድ ቃል በአፋን ኦሮሞ ሦስት ነው። ሁለቱም አናባቢ አጭር ከሆነ «ወደ» ማለት ነው፤ የመጨረሻው ከረዘመ «ሆድ»፣ የመጀመሪያው ከረዘመ «ተራራ» ይሆናል። የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ማጥበቅና ማላላትን ከእናቱ ስለወረሰ በዚያ አይቸገርም። የአናባቢ ርዝመትን ግን ጆሮው አልለመደውም። ጆሮው ያልለየውን እጁ እንዲለይ ሲጠየቅ አንድ አናባቢ የት፣ ሁለት የት እንደሚጽፍ በግምት ያደርገዋል። መምህሩ በቀይ ያርማል፤ ልጁ እንደገና ይገምታል። ይህ ስህተት በማጠናከሪያም በተጨማሪ የቤት ሥራም አይድንም። የሚድነው በማዳመጥ ነው፤ ሦስቱን ቃላት ቋንቋው ከአፉ ከሚፈስ ሰው ደጋግሞ በመስማት።

ሌላም አለ። «ዻ» የሚለውን ድምፅ ልጁ ምላሱን ወደ ላንቃው አጥፎ፣ ድምፁን ወደ ውስጥ እየሳበ ማውጣት አለበት። አይቶና ሰምቶ ካልለመደው «ዳ» ይለዋል፤ እንደዚያው ይጽፈዋል። በዚያ ላይ የቁቤው «ጥ» የሚጻፈው ልጁ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ «ኤክስ» ብሎ በሚጠራው ፊደል ነው፤ «ጭ» ደግሞ «ሲ» በሚለው። ሁለቱን ትምህርት በአንድ ቀን፣ አንዳንዴም ተከታትለው ይማራል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊደል አይነካም፤ ሰላምታ፣ ሂቦ፣ ተረት፣ የዕቃ ስም ብቻ ይሁን። ቀጥሎ በሁለቱም ቋንቋ ድምፃቸው የማይራራቅ ፊደላት ይግቡ፤ የሚያጋጩት ወደ ኋላ ይቆዩ፤ ሁሉም በስማቸው ሳይሆን በድምፃቸው ይጠሩ። መምህሮቻችን እንዲህ ማድረግ ጀምረው ነበር። የተነጠቁት ሁለት ክፍለ ጊዜዎች የዚህ መሠረት ነበሩ። አሁን ልጆቹ ከመጀመሪያው ሳምንት አንስቶ ይገለብጣሉ።

የላኩልን መጽሐፍም ቤቱ አፋን ኦሮሞ ለሚናገር ልጅ የተዘጋጀው ነው። ገና የመጀመሪያው ምንባብ ልጁ ቋንቋውን ይዞ እንደመጣ አድርጎ ይጀምራል። እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር ልጅ የሚሆን መጽሐፍ ይላክልን ብለን ጠይቀናል። እሱም ያው «በሂደት ላይ» ነው።

የተረፉት ክፍለ ጊዜያት ደግሞ የቀኑ መጨረሻ ላይ ተመደቡ። ጅማ ከሰዓት በኋላ ዝናብ እንዴት እንደሚወርድ ለእርስዎ አንነግርዎትም። የክፍሎቹ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የላቸውም። ዝናቡ ሲጀምር የመምህሩ ድምፅ ከሁለተኛው ዴስክ አያልፍም። ጆሮ የሚጠይቀውን ትምህርት ጆሮ በማይሰማበት ሰዓት አስቀመጣችሁት። መምህሩ ምን ያድርግ? ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ።

ስለ አዛውንቱ ጠራቢ እንጨምር። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚወጣ ነው፤ እግሮቹ አይመቱም፣ አይጣበቁም። ዋንዛው እርጥብ ሳለ በመጥረቢያ ይቀረጻል፤ መቀመጫው በመሮ ይጎደጎዳል፤ ከዚያ በጥላ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ከወጣ ይሰነጠቃል። ሦስት እግር የሆነው ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይ ሦስት እግር ስለማይወዛወዝ ነው። አዛውንቱ ይህን ሁሉ በአፋን ኦሮሞ እየተናገሩ፣ በተለያየ ደረጃ ላይ ያሉ በርጩማዎችን በየተራ ያሳዩ ነበር። ስለታም መሣሪያ ልጅ እጅ አልገባም፤ ልጆቹ የሚሠሩት በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሱን ነው። የአካል ስም፣ ቁጥር፣ የሥራ ቅደም ተከተል፣ «ቀጥሎ» እና «ከዚያ በኋላ» ማለት፣ ሁሉም በእጃቸው ካለው ዕቃ ጋር ይገባቸው ነበር። የእንጨት ሥራዋ ስሟን ባስጠራላት ከተማ፣ ጠራቢ ትምህርት ቤት እንዳይገባ የሚከለክል ደብዳቤ ምን ዓይነት ደብዳቤ ነው?

ማስረጃን በተመለከተ፦ ማንም እነዚህን ሰዎች መምህር ይባሉ አላለም። የተመደበው መምህር ክፍሉ ውስጥ ነበር፤ ዕቅዱ የእሱ፣ ምዘናው የእሱ ነው። እነሱ የመጡት ሊያግዙ ነው። የሚሰጣቸው የባጃጅ መሳፈሪያ ብቻ ነበር፤ እሱንም ያዋጣነው ወላጆች ነን። ከትምህርት ቤቱ ድጎማ አምስት ሳንቲም አልወጣም።

ሕጉን እርስዎ ያውቁታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 2 ስለ ቋንቋና ስለ ባህል የሚለውን በየስልጠናው ትጠቅሱታላችሁ። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ደስታው የሁላችንም ነበር። ዛሬ ልጆቻችን ለፈተና የገዳን ሥልጣን 8 ዓመት ብለው ይሸመድዳሉ። አባ ጅፋር የነገሡበትን የጅሬን ቤተ መንግሥት ግን እዚሁ ኮረብታው ላይ ሆኖ ያላዩት ብዙ ናቸው። ጅማ፣ ሊሙ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ አምስቱ የጊቤ መንግሥታት እንደነበሩ የሚነግራቸው ክፍለ ጊዜ የለም። ነበር፤ ተሰረዘ።

በፈተና ወረቀት ላይ ውጤቱ ጥሩ ነው፤ እንደ ማስረጃም ታቀርቡታላችሁ። ፈተናው «አዛምድ»፣ «እውነት ወይም ሐሰት»፣ «ክፍት ቦታውን ሙላ» ብቻ ነው። ከ100 አንድም ነጥብ ለንግግር አልተያዘም። በዚህ ፈተና ጥሩ ያመጣ ልጅ ጎረቤቱን አዛውንት በክብር «አካም ቡልተን» (እንዴት አደሩ) ማለት ሲገባው እንደ እኩያው «አካም ቡልቴ» ይላቸዋል፤ ልዩነቱን ማንም በአፉ አላለማመደውማ። «ተማሪው ብዙ ስለሆነ በቃል መፈተን አይቻልም» የሚለውም አያስኬድም። መምህሩ በአንድ ክፍለ ጊዜ 4 ልጅ ለ2 ለ2 ደቂቃ ቢያናግር የሚወስድበት 8 ደቂቃ ነው። በሳምንት በሁለት ክፍለ ጊዜ 8 ልጅ ይሆናል። 64 ልጅ ያለበት ክፍል በ8 ሳምንት ይዳረሳል፤ መንፈቅ ዓመቱ ከዚያ ይረዝማል።

የምንጠይቀው ይህንን ነው። ሁለቱ ክፍለ ጊዜዎች ይመለሱ፤ ከረፍት በፊት ባለው ሰዓትም ይደልደሉ። ከተከታታይ ምዘናው 20 ነጥብ ለንግግር ይያዝ። ለሁለተኛ ቋንቋ ተማሪ የተዘጋጀው መጽሐፍ ይላክ። የእገዳው ደብዳቤ ይሻር። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ከጽሕፈት ቤቱ አንድ ኃላፊ፣ ቢቻል እርስዎ ራስዎ፣ እናቲቱ ቤት ሄደው ይቅርታ ይጠይቁ። የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ሕብረቱ አብሮ ይሄዳል፤ ቤታቸውንም እናሳያለን።

መልሱን በጽሑፍ፣ በማኅተም እንፈልጋለን። የቃል መልስ አንቀበልም።

የአማርኛው ክፍል ወላጆችና የአፋን ኦሮሞ መምህራን
ጅማ