አሜሪካኖቹስ ምግብ አላቸው፣ የኛ የወሎው የት ገባ?

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ጋዜጣችሁ ኮምቦልቻ በጊዜው ባይደርሰኝም ደሴ የሚመላለስ ሹፌር ጎረቤት ስላለኝ ይዞልኝ ይመጣል፣ እና ሰሞኑን «አሜሪካኖች ከበርገር ውጪ የራሳቸው የሚሉት ምግብ የላቸውም» የሚል ጽሁፍ አውጥታችሁ ሳነብ ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣብኝ። እኔ ስድስት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት አለችኝ፣ ታላቅ እህቴ ደሞ ኒው ሜክሲኮ የሚባል ግዛት መኖር ከጀመረች ቆይታለች፣ ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እሷ ያለችበት አገር ምግብ ቤት ገብተሽ ስታዢ የሚጠይቁሽ «ቀይ ወይስ አረንጓዴ?» ብለው ነው አለችኝ። ስለ ቃሪያ ነው እኮ! ይሄ ጥያቄ የግዛቱ ኦፊሴላዊ ጥያቄ ተብሎ ጸድቋል፣ ባንዲራና አበባ እንደሚጸድቀው ማለት ነው። ሁለቱንም የፈለገ ሰው «ገና» ብሎ ይመልሳል፣ ቀይና አረንጓዴ የፈረንጅ ገና ከለር ስለሆነ። ቃሪያው ግን አንድ ነው፣ ሳይቀላ ከተለቀመ አረንጓዴ፣ ተክሉ ላይ ቀልቶ ከደረቀ ቀይ፣ በቃ የኛው ቃሪያና በርበሬ። መስከረም አካባቢ ደሞ መንገድ ዳር በሚሽከረከር የሽቦ በርሜል ውስጥ ከተው በጋዝ እሳት ይጠብሱታል፣ እህቴ ያ ሽታ ሲመጣባት እናታችን በርበሬ ስታምስ ሰፈሩ ሁሉ የሚያስነጥሰው ትዝ እያላት አንድ ቀን ስልክ ላይ አልቅሳለች።

ሌላውም እንደዛው ነው። ቴክሳስ ቺሊ የሚሉትን የስጋ ወጥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1977 የግዛቱ ምግብ ብሎ አውጇል፣ ባቄላ የጨመረበትን ሰው እዛ አያናግሩትም ይባላል። ቬርሞንት የሚባለው ግዛት በፈረንጆቹ 1999 አፕል ፓይ የሚሉትን ውስጡ ፖም ያለበት ጋገራ የግዛቱ ፓይ ሲያደርግ ሕጉ ላይ ፓዩን የሚያቀርብ ሰው ከቀዝቃዛ ወተት ወይ ከቺዝ ወይ ከቫኒላ አይስክሬም ጋር ለማቅረብ ይሞክር ብሎ ጽፏል፣ ቺዙ ቢያንስ 14 ግራም ገደማ እንዲሆን ሁሉ! የሉዊዚያናው ጋምቦ የሚሉት ወጥ ደሞ ስሙም ራሱ ከአፍሪካ ነው የሄደው፣ ባሚያን በባርነት የተወሰዱት ሰዎች በቋንቋቸው ይጠሩበት ከነበረው ቃል ነው የመጣው፣ እና የራሳቸው የላቸውም ስትሉ እነዚያንም ሰዎች እየረሳችሁ ነው።

እኔን ያስቀናኝ ግን ጆርጂያ የሚባለው የአሜሪካ ግዛት ሽንኩርት ነው። ቪዳሊያ ይባላል፣ የሚበቅልበት አፈር ድኝ ስለሚያንሰው አያቃጥልም፣ ይጣፍጣል። ከፈረንጆቹ 1986 ጀምሮ በሕግ ከተለዩት የጆርጂያ አካባቢዎች ውጪ የበቀለ ሽንኩርት በዛ ስም አይሸጥም። እኛ ጋ ማር ሁሉ «የላሊበላ ማር» ነው፣ ከየት እንደመጣ አላህ ይወቀው።

ታዲያ ይሄን ሁሉ ሳስብ ሜኑዬን አውጥቼ አየሁት፣ ጥብስ፣ ተጋቢኖ፣ ፓስታ፣ ፍርፍር፣ ሩዝ በአትክልት፣ አዲስ አበባ ወይ አዋሳ ብትከፍተው ምንም ልዩነት የለውም። የጅቡቲ መንገድ የሚመላለስ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ባለፈው «የናንተ የወሎዎች ምግብ ምንድነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ጥብስ አልኩት። ሳቀብኝ። ልክ ነው ይሳቅብኝ።

ከዛ በኋላ ነው ብርኩታ ልሞክር ያልኩት። አያቴ ከብት ስንጠብቅ ይሰራልን ነበር፣ ድንጋዩን እሳት ውስጥ እስኪግል ያቆየውና ሊጡን ዙሪያውን ጠቅልሎበት ፍም ላይ ያገላብጠዋል፣ ከውስጥ ድንጋዩ ከውጭ ፍሙ ያበስለዋል፣ ስትቆርሰው መሃሉ ላይ የድንጋዩ ቤት ባዶ ሆኖ ታየዋለህ። እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን ከቦርከና ወንዝ ዳር ያመጣሁትን ድንጋይ ሳላደርቅ እሳት ውስጥ ከተትኩት፣ ውሃ ይዞ ኖሮ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ፣ አስተናጋጇ እስከ በሩ ሮጠች። አሁን ከኮረብታ የመጣ ጥቁር ድንጋይ ጸሐይ ላይ ከርሞ ነው የምጠቀመው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ እሰራለሁ፣ ከማርና ከቅቤ ጋር።

ሜኑው ላይ «የወሎ ብርኩታ» ብዬ ስጽፍ ግን ከባቲ የመጣ ደንበኛዬ ተቆጣኝ፣ ይሄ የአፋር ነው ማን ወሎ አደረገው አለ፣ አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ ደሞ እኛም ልጅ ሆነን በልተነዋል ብለው ገቡበትና ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ተከራከሩ። እኔ በእስክሪብቶ «የወሎ» የሚለውን ሰርዤ ብርኩታ ብቻ አልኩት፣ ግን አሁንም ልቤ አልተቀበለውም። እስኪ የምታውቁ አንባቢዎች በጋዜጣው ጻፉልኝ፣ ሜኑው በአዲስ ሊታተም ነው።

የምግብ ቤት ባለቤት፣ ከኮምቦልቻ