ስለ ንባብ ክፍሉ አኳሪየም

ውድ የብሎካችን ነዋሪዎች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ዛሬ ጠዋት የልጆች ንባብ ክፍል ምንጣፍ ርሶ አገኘሁት። የአኳሪየሙን፣ ማለትም የዓሦቹን ገንዳ፣ መስታወት ስዳስስ ስንጥቁ ጥፍሬን ያዘው። ከታችኛው ጥግ ተነስቶ አንድ ስንዝር ወጥቷል።

የሚያፈሰው መጋጠሚያው ቢሆን ኖሮ አሮጌውን የማጣበቂያ ሲሊኮን ፍቀን አዲስ እንቀባ ነበር። የተሰነጠቀው ግን መስታወቱ ራሱ ነው። 200 ሊትር ውሃ ማለት 200 ኪሎ ነው። ልጆቻችን እግሩ ሥር እየተቀመጡ ያን ሁሉ ክብደት ለተለጠፈ ስንጥቅ ማመን አልደፍርም። እኔ ይቀየር ባይ ነኝ።

ዓሦቹ ደህና ናቸው። ሳሙና ነክቶት የማያውቅ በርሜል ውስጥ፣ ከነድሮው ውሃቸውና ከነማጣሪያቸው አስገብቻቸዋለሁ። እባካችሁ የቧንቧ ውሃ እንዳትጨምሩባቸው፣ ክሎሪኑ ይጎዳቸዋል።

ሐሳባችሁን እስከ ቅዳሜ ላኩልኝ። ከቱሉ ዲምቱ እስከ መሀል ከተማ መስታወት ጭኖ መመላለስ ከባድ ነውና፣ በቅርብ ጎበዝ መስታወት ቆራጭ የምታውቁ ጠቁሙን።