የጠጣሽውን ውሃ ንገሪያቸው

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ባለፈው በስልክ «አባዬ፣ ጠዋት ስነሳ ጀርባዬ ግትር ይላል፣ አንገቴን ማዞር ይከብደኛል» ስትዪኝ «ይሻልሻል» ብዬ ዘጋሁት። ግን ሌሊቱን አልተኛሁም። የእኔም የጀመረኝ እንዲሁ ነው።

ማስታገሻ አዘዙልኝ አልሽ። እኔም አራት ዓመት ሙሉ «ቁርጥማት ነው፣ ዕድሜም ነው» እየተባልኩ ክኒን ስውጥ ኖሬያለሁ። በኋላ ራጅ ስነሳ አጥንቴ ከልክ በላይ ነጥቶ ታየ፤ ሐኪሙም «ከፕሮስቴት የተሰራጨ ካንሰር ሊሆን ይችላል» አለኝ። ያን ሳምንት ለእናትሽ ሳልነግራት እንዴት እንዳሳለፍኩት እግዚአብሔር ያውቃል።

ነገሩን የፈታው ራጅ የሚያነብ ሐኪም ነው። ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ዝም ብሎ ቆየና «አባቴ፣ እስቲ ጥርስዎን ያሳዩኝ» አለኝ። ቡናማውን ጥርሴን አይቶ «የት ነው ያደጉት? ውሃ ከየት ነበር የምትቀዱት?» ሲለኝ እንባዬ መጣ። በዚያ ሁሉ ዓመት ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም! የክንዴንም ራጅ አስነሳኝ። በሁለቱ የክንድ አጥንቶች መሐል ያለው ስስ ሽፋን ወደ አጥንት እየተለወጠ ነበር። ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ሲበዛ የሚያመጣው በሽታ ነው፣ ፍሎሮሲስ።

ያ ኩልል ያለ የጉድጓድ ውሃችን ነው እንግዲህ። በስምጥ ሸለቆ ከጥልቅ የሚወጣው ውሃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል፤ በእኛ ወገን ብዙው ጉድጓድ ያልፋል። ማፍላትም አይረዳም፤ ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ ይቀራል። እናትሽ ለእናንተ ብላ እያፈላች ስታጠጣችሁ ትዝ ሲለኝ ሆዴ ይባባል። በሽታው ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ጀምሮ በአገራችን የታወቀ ነው፤ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት በነርቭ ላይ የሚያመጣውን ጣጣ አጥንተው ጽፈዋል። እኔን ያዩኝ ሐኪሞች ግን አላሰቡትም።

የኔን ሕመም አንቺ ላይ አልጭንም። በወጣትነት ጠዋት ጠዋት ጀርባ የሚያደርቅ ሌላ በሽታም አለ፤ እሱም ተለይቶ ይታይ። ብቻ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ዘንድ ስትቀርቢ መጀመሪያ የምትናገሪው እስከ 18 ዓመትሽ ምን ውሃ እንደጠጣሽ ይሁን። የጀርባሽን፣ የዳሌሽንና የክንድሽን ራጅ ጠይቂ። ኩላሊትሽንም ያዩልሽ፤ ፍሎራይድ የሚወጣው በእሱ በኩል ነው። እግርሽን ካደነዘዘሽ ወይም መራመድ ካስቸገረሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ወደ ነርቭ ሐኪም ሂጂ፤ ኤም አር አይ ያስፈልግሻል። የሽንት የፍሎራይድ ምርመራ ንጹሕ ነው ቢሉሽ አትዘናጊ፤ እሱ የሚያሳየው የቅርብ ጊዜውን ነው፣ አንቺ ደግሞ አዲስ አበባ ከገባሽ ቆየሽ። «መርዙን ከአጥንት አጥቤ አወጣለሁ» ለሚልሽ ሰው አምስት ሳንቲም እንዳትሰጪ፤ እንዲህ ያለ መድኃኒት የለም።

ከውሃ ቢሮ የጉድጓዳችንን የምርመራ ውጤት አስገልብጫለሁ። ሐሙስ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ፤ የእኔንም ራጆች በፖስታቸው ይዣለሁ፣ ሐኪምሽ ከአንቺው ጋር አስተያይቶ ይያቸው።

አባትሽ